400 ሊትር አኳሪየም አግኝቻለሁ፣ የትኞቹን አሳዎች አብሬ ላስገባ?

የገርጂው አባት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሰፈር የሚለቅ ጎረቤቴ ትልቅ አኳሪየሙን ሸጠልኝ። ርዝመቱ 150፣ ወርዱ 50፣ ቁመቱ 60 ሳንቲ ሜትር ነው። ከላይ ትንሽ ጎደል አድርጌ ስሞላው 400 ሊትር ገደማ ይይዛል። እስካሁን ያለኝ 60 ሊትር ብቻ ነው፤ ጭራቸው እንደ ነጠላ የተዘረጋ ሁለት ጎልድ ፊሽ አሉበት፣ ሦስት ዓመት አብረውን ኖረዋል። አሁን ቦታ ተገኘ ብለን ከልጆቼ ጋር ዝርዝር አወጣን፦ 4 ኤንጅል ፊሽ፣ 20 ኒዮን ቴትራ፣ 8 ታይገር ባርብ፣ ሁለቱ ጎልድ ፊሾች፣ መስታወት የሚያጸዳ አንድ ፕሌኮ፣ ከዚያ ደግሞ አንድ ኦስካር። ትልቋ ልጄ ኦስካር ካልተገዛ ሞቼ እገኛለሁ ብላለች። አሳ የሚሸጥልን ሰው "ሳጥኑ ትልቅ ስለሆነ ሁሉም ይለማመዳል" አለኝ። እውነት ነው? የምኖረው አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ነው። መብራት ይጠፋል፣ ውሃ በፈረቃ ነው። ገዝቼ ከመቅበሬ በፊት ልጠይቅ ብዬ ነው።

ቴትራ ወዳጅ፦

ወንድሜ፣ አይለማመዱም። ትልቅ ሳጥን የቦታን ችግር ይፈታል እንጂ የጠባይንና የሙቀትን ችግር አይፈታም።

ከኦስካሩ ልጀምር። ሱቅ ውስጥ ጣት አክሎ ሲታይ ያሳሳል። በዓመት ውስጥ ግን 25 ሳንቲ ሜትር ሊደርስ ይችላል፣ አፉ ውስጥ የሚገባለትን ሁሉ ይበላል። ኒዮን ከ4 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም፣ 20ዎቹም የሱ ቁርስ ናቸው። ክፋት አይደለም፣ ተፈጥሮው ነው። ኦስካር ያማረው ሰው ሳጥኑን ለሱ መተው አለበት።

ታይገር ባርብ ነካሽ ነው። ረጅም ክንፍ ካየ ዝም ብሎ አያልፍም። የኤንጅልን ክንፍ ክር በክር ያደርገዋል፣ ቁስሉ ላይ ሻጋታ ይወጣበታል፣ ኤንጅሉም ጥግ ይዞ መብላት ያቆማል። ባርቦቹ ብዙ ሲሆኑ እርስ በርስ ስለሚሯሯጡ ጠባዩ ይቀንሳል እንጂ አይለቃቸውም። የጎልድ ፊሾችህ ጭራም ዕጣው ያው ነው። መስታወት ያጸዳል ተብሎ የሚሸጠው ፕሌኮ ደግሞ 30 ሳንቲ ሜትር ያልፋል፣ ሌሊት ዘገምተኛ አሳ ላይ ተለጥፎ የቆዳውን ልጋግ ይግጣል።

ኤንጅል የግድ ከፈለግክ ከሱ ተነስተህ ሌላውን ምረጥ። 5 ትንንሽ ኤንጅል፣ 10 ወይም 12 ኮንጎ ቴትራ፣ ከታች አሸዋ ላይ የሚመላለሱ 8 ኮሪዶራስ። ሌላ አልጨምርም፣ ኒዮንም ቢሆን፤ ኤንጅል ሲያድግ ይበላዋል። ኤንጅሎቹን መጨረሻ ላይ አስገባቸው፤ ቀድመው ከገቡ ሳጥኑን ርስታቸው ያደርጉታል።

ሳሪስ 14፦

በብዛት እስማማለሁ፣ ስለ ኒዮን ግን አንድ ነገር ልበል። እኔ ኤንጅልና ኒዮን ሁለት ዓመት አብሬ አኑሬአለሁ። ኤንጅሎቹን ሳንቲም ሲያክሉ ነው ያመጣኋቸው፣ ኒዮኖቹ ግን አድገው ነው የጠበቋቸው። ጥቅጥቅ ያለ ተክልም ነበር።

ቴትራ ወዳጅ፦

እኔም እንደዚያው አድርጌ ነበር። 15 ነበሩኝ። አንድ ጠዋት 11 ቆጠርኩ፣ በሳምንቱ 8። አንድም የሞተ አላገኘሁም። ኤንጅል ሲያድግ አፉም ያድጋል። ላንተ ስለተሳካልህ ደስ ይለኛል፣ ልጆች ላሉበት ቤት ግን አልመክረውም። ልጆች ይቆጥራሉ።

የውሃ ነገር፦

ሁላችሁም ስለ ጠባይ ነው ያወራችሁት፣ እኔ ቤቱን ላንሳ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። የአየር ግፊቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ውሃችን የሚይዘው ኦክስጅን፣ በባሕር ጠረፍ ካለ ከተማ እኩል ሙቀት ካለው ውሃ ጋር ሲተያይ በሩብ ገደማ ያንሳል። ውሃው ሲሞቅ ደግሞ ይብስበታል። "ለዚህ ሊትር ይህን ያህል አሳ" የሚሉት የኢንተርኔት ሰንጠረዦች ይህን አያስቡም፣ ስለዚህ ሁልጊዜ ከሚሉት ቀንስ።

ኤንጅልና ቴትራ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ይፈልጋሉ። የሳሎንህ ውሃ በኅዳር ሌሊት ከዚያ በጣም ይወርዳል። 400 ሊትር ለማሞቅ 200 ዋት ሂተር ሁለት ያስፈልግሃል፣ መብራት ሲሄድ ግን ሁለቱም የሉም። ጎልድ ፊሽ ከ18 እስከ 22 ይበቃዋል። ያለ ምንም ሂተር፣ የቤትህ ሙቀት ማለት ነው። ከሌሎቹ ጋር የማይኖሩትም ለዚህ ነው፤ ወይ እነሱ ይሞቃቸዋል ወይ እነዚያ ይበርዳቸዋል።

እኔ ብሆን ትልቁን ለጎልድ ፊሾቹ እሰጣቸዋለሁ። ቅር አይበልህና፣ 60 ሊትር ለሁለቱ ጠባብ ነው፣ ቆሻሻቸው ብዙ ነው። የነሱን ዓይነት፣ ጭራቸው የተዘረጋ አራት ጨምርላቸውና ስድስት ይሁኑ። 60 ሊትሩ በ50 ዋት ሂተር ለ10 ኒዮን ይበቃል፣ የሚበላቸውም የለም። መብራት ሲጠፋ ትንሹን ሳጥን በብርድ ልብስ መጠቅለል ትችላለህ፤ ከላይ ግን ለአየር ክፍት ተውለት።

ስለ መብራት ካነሳን፣ በባትሪ የሚሠራ ኤር ፓምፕ ከማንኛውም አሳ በፊት ግዛ። መብራት በሌለበት ሰዓት አትመግባቸው። ፊልተሩ ለብዙ ሰዓት ቆሞ ከነበረ ሳታጥብ አታስነሳው፣ ውስጡ የታፈነው ውሃ ይመርዛቸዋል። የምታጥበው ግን በሳጥኑ ውሃ ነው፤ በቧንቧ ውሃ ካጠብከው ክሎሪኑ ቆሻሻ የሚበሉልህን ባክቴሪያዎች ይገድላቸዋል። የፈረቃውን ውሃ አፉ ሰፊ በርሜል ውስጥ ቀድተህ ኤር ፓምፕ ከተህበት አንድ ቀን አሳድረው፣ ክሎሪኑ ይወጣል።

የድሮውን ፊልተር ስፖንጅ እንዳትጥል! አዲሱ ፊልተር ውስጥ ክተተው። ባክቴሪያው እዚያ ላይ ነው ያለው። ያለሱ ከባዶ ከጀመርክ ባክቴሪያው እስኪራባ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ትጠብቃለህ።

የገርጂው አባት፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስለ 60 ሊትሩ የተባለው አሳዝኖኛል፣ አላውቅም ነበር። አንድ ጥያቄ ብቻ፦ ዝዋይ ያለው ወንድሜ ትንንሽ ቆሮሶ በላስቲክ ላምጣልህ ይለኛል። ከጎልድ ፊሾቹ ጋር ይሆናል?

ሳሪስ 14፦

ተወው። ቆሮሶ የሞቀ ውሃ አሳ ነው፣ ሲያድግ 30 ሳንቲ ሜትር ያልፋል፣ አሸዋውን ይቆፍራል፣ ቦታ ይዞ ይጣላል። የጎልድ ፊሾችህን ጭራ ይጨርሰዋል። ከሐይቅ የመጣ አሳ ደግሞ በሽታና ጥገኛ ትል ይዞ ሊገባ ይችላል።

የገርጂው አባት፦

እሺ፣ ትልቁ ለጎልድ ፊሾቹ፣ ትንሹ ለኒዮን ሆነ። ስፖንጁን ዛሬ ማታ አዛውራለሁ። ትንንሾቹ ደስ ብሏቸዋል። ትልቋ ግን አልቅሳ ተኛች። ኦስካርን የወደደችው ሰው ይለያል፣ ከእጅ ይበላል ሲባል ሰምታ ነው።

የውሃ ነገር፦

ጎልድ ፊሽም የሚመግበውን ይለምዳል እኮ። መመገቡን ለሷ ብቻ ስጣት። በየቀኑ በአንድ ሰዓት፣ እጇን ውሃው ላይ ዝም አድርጋ ይዛ፣ የተቀቀለ አተር ልጣጩን አውጥታ ትስጣቸው። በጥቂት ሳምንት ውስጥ ገና በሩን ከፍታ ስትገባ ወደ መስታወቱ ይመጡላታል።