ግብፅና ኢትዮጵያ፦ የአገር ስፋት የምርት መለኪያ ሊሆን ይችላልን?

አወያይ፦
ለክርክር የቀረበው ጥያቄ የሚከተለው ነው። ኢትዮጵያ 1.1 ሚሊዮን፣ ግብፅ ደግሞ 1 ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ሲኖራቸው የሁለቱም ሕዝብ ከ100 ሚሊዮን አልፏል። ግብፅ የምታርሰው ግን ከጠቅላላ መሬቷ 4 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው። ታዲያ ከዚያ በብዙ የሚበልጥ መሬት የምታርሰው ኢትዮጵያ የምግብ እጥረት የሚገጥማት መሬቷን በሚገባ ስለማትጠቀምበት ነውን?

የአርሲው የእርሻ ባለሙያ፦
እኔ አዎን ከሚሉት ወገን ነኝ። የግብፅ ገበሬ ከአንድ ሄክታር ከ60 ኩንታል በላይ ስንዴ ሲያመርት የእኛ አገር አማካይ 30 ኩንታል ገደማ ነው። በአርሲና በባሌ ደጋ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በወቅቱ የደረሰው ገበሬ ከዚህ አማካይ እጅግ የላቀ ምርት ሲያስገባ በየዓመቱ አያለሁ፤ ስለዚህ ጉድለቱ የአፈሩ ሊሆን አይችልም። በመስኖ ሊለማ ይችላል ተብሎ የሚገመተው መሬታችን ከ5 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ሲሆን፣ ይህ አኃዝ ግብፅ ዛሬ ከምታርሰው መሬት ሁሉ ይበልጣል። ይህን ያህል ሀብት ይዘን ሰኔ በገባ ቁጥር ሰማይ ሰማዩን ማየታችን ሊያሳስበን ይገባል።

የጂኦግራፊ መምህርቷ፦
ስለ ሄክታር ምርት የተናገሩትን እቀበላለሁ፤ ከአወያያችን ጥያቄ ጋር ግን አልስማማም፤ ምክንያቱም ጥያቄው የሚያነጻጽረው ሊነጻጸሩ የማይገባቸውን ነገሮች ነው። በካርታ ላይ የሚታየው የግብፅ ስፋት ሁለት ሦስተኛው የምዕራቡ በረሃ ነው። ካይሮ በዓመት የምታገኘው ዝናብ 25 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ፣ የግብፅ ገበሬ በዝናብ ላይ ተስፋ አድርጎ አያውቅም። ውሃው ከወንዝ፣ በቦይ፣ በሚታወቅ ቀን ይደርሰዋል። ይህ አስተማማኝነትም ቢሆን የጥንት ስጦታ አይደለም። የአስዋን ከፍተኛ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1970 ከመጠናቀቁ በፊት በላይኛው (በደቡቡ) ግብፅ ብዙ ማሳ የናይል ጎርፍ ሲሸሽ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ይዘራ ነበር። ዛሬ በዚያው ማሳ ላይ በብርዱ ወራት ስንዴና የከብት መኖ፣ በሙቀቱ ወራት በቆሎ፣ ሩዝ ወይም ጥጥ ይበቅላል። እንግዲህ 4 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ የሆነው እርሻቸው በዓመት የሚታጨደው ሁለት ጊዜ ያህል ስለሆነ፣ በምርት ረገድ ወደ 7 ሚሊዮን ሄክታር እንደሚጠጋ አድርጎ መቁጠር ይገባል።

ወደ እኛ ስንመለስ፣ በመኸር ወቅት አነስተኛ ገበሬዎች በእህል የሚሸፍኑት መሬት ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ሲሆን፣ አብዛኛው የሚታጨደው አንድ ጊዜ ነው። አዲስ አበባ ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ብታገኝም፣ አብዛኛው በጥቂት ወራት ውስጥ በተዳፋት ላይ ወርዶ አፈሩን ይዞ ይሄዳል። የናይል ዴልታ ለም አፈር ባብዛኛው ከእኛ ተራሮች የተጠረገ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። የሚቀረውም ቢሆን ብዙው በአሲዳማነት የተጎዳ ነው፤ ኖራ ያላገኘ አሲዳማ መሬት ደግሞ ማዳበሪያ ቢጨመርበት እንኳ የሚገባውን ያህል አይመልስም። ግብፅ ዩሪያ የተባለውን ማዳበሪያ በአገሯ ከተፈጥሮ ጋዝ ታመርታለች፤ እኛ እያንዳንዱን ኩንታል በውጭ ምንዛሪ ገዝተን ከጅቡቲ ወደብ እናጓጉዛለን። የጎጃም ገበሬ ማዳበሪያው ዘግይቶበት ሳለ መሬቱን አልተጠቀመበትም ብሎ መውቀስ ፍትሐዊ አይመስለኝም።

በካይሮ ነዋሪ የሆነ ተሳታፊ፦
አንድ ነገር ልጨምር። ግብፅም ከምትበላው ስንዴ ግማሽ ያህሉን ከውጭ ስለምታስገባ እንደ ጠገበ አገር አንቁጠራት። ከካይሮ ወደ ዴልታው ሲወጣ የሸክላ ሕንፃዎች በለሙ ማሳዎች መካከል ቆመው ይታያሉ። መንግሥት በእርሻ መሬት ላይ መገንባትን በሕግ ቢከለክልም ሕዝቡ ያለው በዚያችው ጠባብ ሸለቆ ነውና ግንባታው አልቆመም። በበረሃው አዲስ እርሻ ለማልማት ገንዘብ እያፈሰሱ፣ በሌላ በኩል ለብዙ ሺህ ዓመታት የለማውን አፈር በሲሚንቶ ይሸፍኑታል። በአዲስ አበባ ዙሪያም የጤፍና የስንዴ ማሳ በተመሳሳይ መንገድ እየተበላ በመሆኑ ይህ ለእኛም ትልቅ ጉዳይ ነው።

የአርሲው የእርሻ ባለሙያ፦
መምህርት፣ የውሃውን ነገር ማንሳትዎ የእኔን ክርክር ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። ልዩነቱ ውሃ ከሆነ መልሱ መስኖ ነው፤ መስኖ ደግሞ የሚመቸው ሜዳማ በሆነው ቆላ ነው። በቅርብ ዓመታት በአዋሽ ተፋሰስና በሌሎች አካባቢዎች የተጀመረው የበጋ መስኖ ስንዴ ቆላው ሊያመርት እንደሚችል አሳይቷል። ከአገሪቱ ስፋት ከግማሽ በላይ የሆነው ቆላ ባዶውን እስከ መቼ ይቀመጣል?

ከአዋሽ ሸለቆ የሚጽፍ ተሳታፊ፦
ወንድሜ፣ ባዶ ያሉት መሬት ባዶ አይደለም። የአፋር አርብቶ አደር ዝናብ ሲኖር ከብቱን ወደ ሜዳው ያሰማራል፤ በድርቅ ወራት ደግሞ ወደ ወንዙ ዳር ይመለሳል። ወንዙ ዳር ያለችው መሬት ስትለካ ጥቂት ብትሆንም፣ ሰፊውን ሜዳ ዓመቱን ሙሉ ለግጦሽ እንዲውል የምታስችለው እርሷ ናት። በ1950ዎቹ ዓ.ም. በተንዳሆና በሌሎች ቦታዎች የጥጥ እርሻዎች ሲቋቋሙ የተወሰደው በትክክል ይህ የድርቅ ወቅት ግጦሽ ነበር፤ በ1965 እና 1966 ዓ.ም. ድርቅ ሲመጣ መሸሻ ያጣው የአፋር ሕዝብ በረሃብ ክፉኛ ተጎዳ። ስለዚህ አንድ ሄክታር ሲታረስ ከጥቅም ውጭ የሚሆነው ስንት ሄክታር እንደሆነ ካልተቆጠረ ሂሳቡ ጎደሎ ነው።

ሌላም አለ። እዚሁ አዋሽ ሸለቆ ባለው በአሚባራ የመስኖ ውሃው ያለ በቂ ማጠንፈፊያ፣ ማለትም ትርፉ ውሃ ከማሳው የሚወጣበት መንገድ ሳይኖር፣ ስለፈሰሰ ጨው ወደ ላይ ወጥቶ የለማ መሬት እስከ መተው ተደርሷል። ግብፃውያን ይህ አደጋ ስለገባቸው ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከማሳዎቻቸው ሥር የማጠንፈፊያ ቱቦ በሰፊው ዘርግተዋል። የእነርሱን ምርት በአድናቆት ስንጠቅስ ይህን ከመሬት በታች ያለውን ሥራ አብረን የማንጠቅስበት ምክንያት አይገባኝም። እኔ መስኖን አልቃወምም፤ የእኛም ልጆች ስንዴ ይበላሉ። የምጠይቀው አዲስ ቦይ ከመቆፈሩ በፊት የድርቅ ወቅት ግጦሹና ወደ ወንዙ የሚያስገባው የከብት መንገድ በጎሳ ሽማግሌዎች አመልካችነት በካርታ ላይ እንዲሰፍር፣ የማጠንፈፊያውም ወጪ ከቦዩ ወጪ ጋር በአንድነት እንዲያዝ ነው።