በእጅ የሚሰፋ ኩዊልት ለመማር የቱ ይሻላል? ጥቆማችሁን

ጀማሪ_ነኝ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከቁርጥራጭ ጨርቅ የሚሰፋውን ኩዊልት መማር ፈልጌያለሁ። በእጅ ብቻ። የስፌት መኪና የለኝም፣ ለመግዛትም አላሰብኩም። ምርጫዬ ሶስት ነው። አንዷ ቤቷ ውስጥ ስቱዲዮ አዘጋጅታ ጥቂት ጥቂት ሰው እየተቀበለች ታስተምራለች። ሌላው በኢንተርኔት የሚሸጥ የቪዲዮ ኮርስ ነው። ሶስተኛው ጨርቁ ተቆርጦ፣ መርፌና ክሩ አብሮ ታሽጎ የሚመጣ ጥቅል ነው። የሞከራችሁ ካላችሁ የቱ ይሻላል? ውሎ አድሮ እኔም ቤቴ ማስተማር ስለምፈልግ፣ በዚያ በኩል የምታውቁት ካለም ጣል አድርጉልኝ።

ሰፊው_በመኪና፦
መኪና ግዢ። በእጅ አንድ አልጋ ልብስ እስክትጨርሺ ልጅ ወልደሽ ትድሪያለሽ። ቀጥ ያለ ስፌት የሚሰፋ ያገለገለ መኪና ይበቃሻል፤ ዚግዛጉ ምናምኑ አያስፈልግም። ከፈለግሽ ስትገዢ ምን ምን ማየት እንዳለብሽ እጽፍልሻለሁ።

ጀማሪ_ነኝ፦
አመሰግናለሁ ወንድሜ። ግን መኪና አልፈልግም ብያለሁ እኮ።

ሰፊው_በመኪና፦
አሁን ነው እንደሱ የምትይው።

ምስክር_ነኝ፦
ምን ያጠያይቃል? ቤት ሄደሽ ተማሪ። እኔን ያስተማረችኝ ሴትዮ ጋ ብትሄጂ ሌላ አያምርሽም። እጇ ወርቅ ነው። መርፌውን፣ ክሩን፣ ባቲንጉን (መሃል የሚገባውን ሙሌት) ሁሉ የምገዛው ከሷ ነው። ሌላ ቦታ ዞሬም አላውቅ።

ስፒል፦
ሌላ ቦታ ዞረሽ ካላየሽ የሷ እንደሚበልጥ በምን አወቅሽ?

ምስክር_ነኝ፦
ሄደሽ እይዋ።

ሮዝ_ያልፈለገች፦
ጥቅል የሚባለውን ነገር እንዳትነኪ!! እኔ የገዛሁት ደማቅ ቀይና ንጹህ ነጭ ነበር። ሲታይ ያምራል። ቁርጥራጩን ሰፋሁ፣ ከባቲንጉና ከገበሩ ጋር አያያዝኩ፣ ጠርዙን ዘመዘምኩ። የልደት ስጦታ ስለነበር አጥቤ ላስረክብ ብዬ ውሃ ውስጥ ከተትኩት። ሲወጣ ነጩ በሙሉ ሮዝ። አንዳንዱ ቦታ ሮዝ እንኳን አይደለም፣ የቆሰለ ነገር ነው የሚመስለው። የሸጠችልኝ ጋ ስደውል "በቀዝቃዛ ውሃ ነው ያጠብሽው?" አለችኝ። በቀዝቃዛ ነው አልኳት። ዝም ካለች በኋላ ምን ብትል ጥሩ ነው? "ታዲያ ለምን አጠብሽው?"

ስፒል፦
ወይኔ 😂 ብርድ ልብስ አይታጠብም ማለት ነው?

ክር_በሰም፦
ይሄ የጥቅል ጥፋት አይደለም። ጨርቅ ከመቁረጥ በፊት ይታጠባል፣ አለቀ። ቀለሙም ይለቃል፣ መሸብሸብ ያለበትም ቀድሞ ይሸበሸባል። ሳያጥብ የሚሰፋ ሰው የፈለገው ቢደርስበት አይገርመኝም።

ሮዝ_ያልፈለገች፦
ተቆርጦ የመጣ ጨርቅ በምን ላጥበው? ትንንሹ ካሬ ቢታጠብ ጠርዙ ተተርትሮ ልኩን ያጣል። አስበሽ ጻፊ እንጂ።

ቀጥ_ያለ፦
እኔ ደግሞ አላጥብም። አዲስ ጨርቅ ሲሸጥ የሚኖረው ድርቅ ያለ ነገር ለመቁረጥም ለመስፋትም ይመቻል። ሲታጠብ ይልፈሰፈስና ካውያ ይፈልጋል። ሁሉም ጥጥ ከሆነና ካልታጠበ፣ መጨረሻ ላይ አንድ ላይ ሲሸበሸብ ነው ያ የድሮ መልኩ የሚወጣው።

ክር_በሰም፦
ሮዝ ሆኖ ነዋ የሚወጣው።

እትዬ_መርፌ፦
ልጆች፣ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፤ የሚወስነው ጨርቁ ነው። ቀይ፣ ጥቁርና ጥልቅ ሰማያዊ ቀለማቸው ስለሚለቅ ተፈትሸው ይገባሉ። ነጭ የጥጥ ጨርቅ አርጥበሽ ቀዩን በሱ እሺው። ነጩ ከቀላ ቀዩ ይታጠባል ወይም ይቀራል። ለጥቅልም ቢሆን ከአንዱ ካሬ ጥግ ላይ መሞከር ይቻላል። ሮዝ ያልፈለገችው፣ ያንን ኩዊልት ካውያ አስነክተሽዋል?

ሮዝ_ያልፈለገች፦
አላስነካሁትም እትዬ። ንድድ ብሎኝ ሳጥን ውስጥ ወርውሬዋለሁ።

እትዬ_መርፌ፦
እንኳን አልነካው። በትልቅ ገንዳ ሙቅ ውሃ ሙዪበት፣ ፈሳሽ ሳሙና ጨምሪበት። ጨርቁ ተጨማድዶ ሳይሆን ተዘርግቶ ሙሉ በሙሉ ይዘፍዘፍ። ውሃው ሲቀላ ቀይሪው። ብዙ ውሃ የሚያስፈልገው የለቀቀው ቀለም እዚያው ውሃው ላይ እንዲቀር ነው፤ ውሃው ትንሽ ከሆነ ተመልሶ ነጩ ላይ ያርፋል። እንደ አዲስ ይሆናል አልልሽም።

ዝም_አልልም፦
ቆይ፣ ድሪቶ ለመስፋት ነው ይሄ ሁሉ? ድሮ ድሪቶ የሚሰፋው ጨርቅ የቸገረው ሰው ነበር። አሁን ደህናውን አዲስ ጨርቅ ገዝቶ፣ ቆራርጦ፣ መልሶ ለመስፋት ኮርስ ይከፈላል። ወይ ዘመን!

ስፒል፦
ማን ጠየቀህ?

ቀጥ_ያለ፦
ለነገሩ ያልከው ድሪቶ ሙዚየም ገብቷል። አሜሪካ፣ አላባማ ውስጥ ጊስ ቤንድ በሚባል ስፍራ ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች ካለቀ የስራ ልብስና ከተገኘው ቁራጭ ሁሉ ኩዊልት ሲሰፉ ኖረዋል። ለብርድ ነበር የሚሰፉት። በ2002 ሂዩስተን የሚገኘው የጥበብ ሙዚየም ስራቸውን ለህዝብ አሳየ፤ ከዚያ ኒውዮርክ ዊትኒ ሙዚየም ሄደ። ቤንጋል ውስጥ ደግሞ ካንታ የሚባለው አለ። አሮጌ ሳሪ ደራርበው በተራ የእጅ ስፌት ያያይዙታል። ባቲንግ እንኳን የለውም። ስለዚህ ያረጀ ሱሪህን አትጣል።

ዝም_አልልም፦
እሺ ተረታሁ። ጂንስ በእጅ ይሰፋል ግን?

ቀጥ_ያለ፦
ሳስቶ ያለቀው ይሰፋል። ወፍራሙን የጎን ስፌት ቆርጠህ አውጣው፣ አለበለዚያ ጣትህን ይጨርስልሃል።

ጀማሪ_ነኝ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ብዙ እየተማርኩ ነው። ግን ቤት ሄጄ ልማር ወይስ በቪዲዮ?

እትዬ_መርፌ፦
እሺ ልጄ፣ ወደ ጥያቄሽ ልምጣ።

ኩዊልት ሶስት ንብርብር ነው። ፊቱ፣ መሃሉ የሚገባው ባቲንግ፣ ከስር ገበሩ። ቁርጥራጩን ገጣጥሞ ፊቱን መስራት አንድ ሙያ ነው። ሶስቱን አንድ ላይ መስፋት ሌላ ሙያ ነው። የመጀመሪያውን ከቪዲዮ ጥሩ አድርገሽ ትማሪያለሽ። በጨርቁ ጀርባ በእርሳስ መስመር ታሰምሪያለሽ፣ ከጠርዙ ሩብ ኢንች፣ ማለትም 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ገባ ብሎ። በመስመሩ ላይ ትሰፊያለሽ። ዓይንና ትዕግስት ነው።

ሁለተኛው ላይ ግን የስራው ግማሽ ያለው ከስር ባለው እጅ ላይ ነው። ካሜራ አያየውም። መርፌው ሶስቱንም አልፎ ጫፉ ከስር ያለውን ጣትሽን ነካ ሲያደርግ ወዲያው ወደ ላይ ትመልሺዋለሽ። ካልነካሽ ገበሩን አልያዘም። ብዙ ከወጣ ደግሞ ከስር የሚታየው ስፌት ይረዝማል። ይሄን የምትለምጂው ጎንሽ ቁጭ ብሎ እጅሽን የሚያይ ሰው ሲኖር ነው። ቋጠሮውም እንደዚያው። ገበሩ ላይ አይተውም። ከመስመሩ ትንሽ ራቅ ብለሽ መርፌውን በፊቱ በኩል ታስገቢና በባቲንጉ ውስጥ አሳልፈሽ መስመርሽ ላይ ታወጪዋለሽ። ክሩን ቀስ ብለሽ ስትስቢው ጧ የሚል ቀጭን ድምፅ ይሰማል። ቋጠሮው ጨርቁን አልፎ ውስጥ ገባ ማለት ነው። በኃይል ከሳብሽው በወዲያ በኩል ይወጣል።

ስለዚህ እኔ ብሆን ቤት ሄጄ እማራለሁ። ከመክፈልሽ በፊት አንድ ነገር ጠይቂያት፦ ተማሪዎቿ ትንሽም ብትሆን አንድ ነገር ዘምዝመው ጨርሰው ነው የሚወጡት ወይስ ፊቱን ብቻ ሰፍተው? ከ9 ካሬ የሚሰራ የትራስ ልብስ ለመጀመሪያ ይበቃል። ካሬው ተሰፍቶ 10 ሴንቲ እንዲሆን 11 ሴንቲ ከ2 ሚሊ ትቆርጫለሽ። ዘጠኙ ሲገጣጠም ጎኑ 30 ሴንቲ ይሆናል።

ምስክር_ነኝ፦
እኔስ ምን አልኩ? ቤት ሄደሽ ተማሪ ብያለሁ።

ስፒል፦
እትዬ፣ መርፌውስ? ሁሌ ይታጠፍብኛል።

እትዬ_መርፌ፦
ለሶስቱ ንብርብር "ቢትዊንስ" የሚባለውን አጭሩን መርፌ ያዢ። ረዥም መርፌ ነው የሚታጠፈው። ቁጥሩ ሲጨምር መርፌው እያነሰ ይሄዳል። 12 የለመደ እጅ ነው የሚፈልገው፣ አንቺ ከ8 ወይም ከ9 ጀምሪ። ክሩ ከ45 ሴንቲ ብዙ አይርዘም፤ ሲረዝም ይቋጠራል፣ ይላላል። የመሃል ጣትሽ ላይ የብረት ቆብ አጥልቂ።

ክር_በሰም፦
በሰም የተቀባውን የእጅ ክር ደግሞ ማንም መኪና ውስጥ እንዳያስገባ። መኪናውን ያቆሽሸዋል። @ሰፊው_በመኪና ላንተ ነው።

ሰፊው_በመኪና፦
መኪና ትዝ አላችሁ በመጨረሻ።

ገበር፦
ስለ ባቲንግ ማንም አላነሳም። ጥጥ ነው ፖሊስተር?

ምስክር_ነኝ፦
የኔዋ ሴትዮ የምትሸጠውን ግዢ።

ገበር፦
ምንድን ነው የምትሸጠው?

ምስክር_ነኝ፦
ነጭ ነው። ለስላሳ።

ቀጥ_ያለ፦
ገበር፣ ፖሊስተር ቀላልና ነፋ ያለ ነው፣ ሲታጠብም አይሸበሸብም። ጥጥ ጠፍጠፍ ብሎ ይተኛል፣ ሲታጠብ ትንሽ ይገባል። ሱፍ ለእጅ ስፌት መርፌ ደስ እያለው የሚገባበት ነው። ጥጥ የምትገዢ ከሆነ ውስጡ መረብ የመሰለ ማጠንከሪያ የገባበትን ለእጅ አትውሰጂ፣ መርፌ ያስቸግራል። ማሸጊያው ላይ ስፌት ከስፌት ቢበዛ ስንት ሴንቲ መራራቅ እንደሚችል ተጽፏል፣ አንብቢው። ከዚያ በላይ ካራራቅሽው ሲታጠብ ውስጡ ተሰብስቦ ይጓጉላል።

ስፒል፦
እግረ መንገዴን፣ መስመር ለማስመር በካውያ የሚጠፋውን እስክሪብቶ የምትጠቀሙ ተጠንቀቁ። ጠፋ ሲባል ብርድ ሲመታው ተመልሶ ይመጣል። በውሃ የሚለቀው ሰማያዊው ደግሞ ተቃራኒ ነው። ሳይታጠብ ካውያ ከነካው በዚያው ሊቀር ይችላል።

ሮዝ_ያልፈለገች፦
ይኸውላችሁ፣ ሁሉም ነገር ሲሸጥላችሁ ያምራል።

ማታ_አስተምራለሁ፦
ስለ ማስተማሩ ማንም ስላልመለሰ እኔ ልሞክር። ቤቴ አስተምራለሁ። መስፋት መቻልና ማስተማር ለየቅል ናቸው። ከ4 ወይም ከ5 ሰው በላይ አትቀበዪ፣ የሁሉንም እጅ ማየት አትችይም። ለመጀመሪያው ቀን ጨርቁን ራስሽ ቆርጠሽ አዘጋጂ። አለበለዚያ ሰዓቱ በማስመሪያና በመቀስ ያልቅና ማንም መርፌ ሳይዝ ይሄዳል። አንዱን ስራ በየደረጃው አቁመሽ ናሙና ያዢ፦ የተቆረጠ፣ በግማሽ የተሰፋ፣ ከገበሩ ጋር በጊዜያዊ ስፌት የተያያዘ፣ ያለቀ። ተማሪ በወሬ ከሚገባው በላይ ይሄን ሲዳስስ ይገባዋል። መርፌዎቹን ስትሰጪም ስትሰበስቢም ቁጠሪ፤ ወለሉ ላይ በባዶ እግሩ የሚሄድ ሰው አለ።

የሰው ንድፍ ፎቶ ኮፒ አድርገሽ አታድዪ። ዘጠኝ ካሬ የመሰሉት የቆዩ ንድፎች የማንም ስላልሆኑ በነሱ እንደልብሽ ማስተማር ትችያለሽ።

ጀማሪ_ነኝ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ይሄን ነበር የፈለግሁት። አንድ ጥያቄ ብቻ። ግራኝ ነኝ። ቀኝ እጅ ከሆነች አስተማሪ መማር ይከብደኛል?

ማታ_አስተምራለሁ፦
ጎኗ አትቀመጪ፣ ፊት ለፊቷ ተቀመጪ። እሷ በቀኝ የምታደርገውን አንቺ እንደ መስታወት በግራ ትከተያለሽ። የሌሎቹ ስፌት ከቀኝ ወደ ግራ ሲሄድ ያንቺ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል። መቀሱን ግን የግራኝ ፈልጊ፤ በቀኙ ስትቆርጪ ምላጩ የምትቆርጪበትን መስመር ይሸፍንብሻል።

ሰፊው_በመኪና፦
መኪና ግራኝ ቀኝ አይልም።

ገበር፦
@ጀማሪ_ነኝ ታዲያ የቱን መረጥሽ?

ዝም_አልልም፦
ሶስት ሱሪ አግኝቻለሁ። ገበሩ ከፊቱ ምን ያህል ይበልጣል?

እትዬ_መርፌ፦
በየጎኑ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ይትረፍ። ስትሰፋ ስለሚሰበሰብ ነው። ጊዜያዊውን ስፌት ከመሃል ጀምረህ ወደ ዳር ሂድ።

ገበር፦
@ጀማሪ_ነኝ?

ሮዝ_ያልፈለገች፦
እትዬ፣ እንዳሉኝ ዘፈዘፍኩት። ሮዙ ለቋል፣ ጥግ ላይ ትንሽ ቀርቷል። ቀዩም አብሮ ደብዘዝ አለ ግን ደህና ነው። ተባረኩልኝ። ጥቅሉን አሁንም እንዳትገዙ።

ምስክር_ነኝ፦
የኔዋ ሴትዮ ጋ ብትማሪ ኖሮ መጀመሪያውኑ አይለቅም ነበር።