በግርጌ ማስታወሻ ብቻ የተጻፈ ታሪክ የት ይላካል?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ አጭር ልብወለድ ጽፌያለሁ። ዋና ጽሑፍ የለውም። ገጹ ባዶ ነው፤ ታሪኩ ያለው ከታች፣ በግርጌ ማስታወሻዎቹ ውስጥ ነው። ለአንድ ትንሽ የሥነ ጽሑፍ መጽሔት ብልከው «ጽሑፉ አልደረሰንም፣ ድጋሚ ይላኩ» አሉኝ። ሳቄም ንዴቴም መጣ። እንዲህ ያለውን የሚቀበል አለ? ለብዙዎቹ ባንዴ መላክስ ነውር ነው?

መልስ፦
ሃሃሃ፣ አይዞህ ወንድሜ! «ዘ ሊትል ሪቪው» የተባለው መጽሔት እኮ በመስከረም 1916 እ.ኤ.አ. እትሙ የሚመጥን ሥራ አጣሁ ብሎ ብዙ ገጾችን ባዶ ትቶ ወጥቷል። ባዶ ገጽ ብርቅ አይደለም።

ሌላ መልስ፦
ባንዴ መላክ ብዙዎቹ ይፈቅዳሉ፤ የሚከለክሉም ስላሉ መመሪያቸውን አንብብ። አንዱ ከተቀበለህ ለሌሎቹ ወዲያው ንገራቸው። ደግሞ በፒዲኤፍ ላክ። የወርድ ፋይል ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ግርጌው ተንሸራቶ ቀጣዩ ገጽ ላይ ሊገባ ይችላል፤ ያንተ ታሪክ ደግሞ ያኔ አለቀለት። ፌስቡክ ላይም እንዳትለጥፈው። ብዙ አዘጋጆች እንደታተመ ይቆጥሩታል።

ጠያቂው፦
ተባረክ! ከታሪኩ ጋር በምልከው ደብዳቤ ላይ ላብራራ ወይስ ዝም ልበል?

መልስ፦
«ባዶው ቦታ ሆን ተብሎ ነው» በል፣ በቃ። ከዚያ በላይ ካወራህ ፋይሉን ሳይከፍቱት ይሰለቹሃል።