ከአገር ውጭ ሆናችሁ ትኬት ለምትቆርጡ፦ የት መፈለግ፣ ከማን መግዛት፣ በየትኛው ካርድ መክፈል

ርካሽ ትኬት የሚያሳይ ድረ ገጽ ሞልቷል። መንገደኛ የሚቸገረው ዋጋውን ካገኘ በኋላ ነው። ገንዘቡን የሚቀበለው ማን እንደሆነ አያጣራም፤ ሂሳቡ በየትኛው ገንዘብ እንደሚቆረጥ አያይም፤ ካርዱ እምቢ ሲል ደግሞ የሚይዘው የሚጨብጠው ይጠፋዋል። እኔ የምመክረው መንገድ ይህ ነው፦ ዋጋውን በማነጻጸሪያ ድረ ገጽ ፈልጉ፤ ትኬቱን ከራሱ ከአየር መንገዱ ቁረጡ፤ ሻጩ በሚሸጥበት ገንዘብ ክፈሉ፤ ከተቻለም በክሬዲት ካርድ። ከዚህ መውጣት የሚያዋጣባቸው ጊዜያት አሉ፤ እነሱንም እግረ መንገዴን አነሳለሁ።

ለፍለጋ የማስቀድመው ጉግል ፍላይትስን ነው። ፈጣን ነው፤ የወሩን ዋጋ በቀን መቁጠሪያ ላይ ዘርግቶ ስለሚያሳይ ጉዞውን አንድ ሁለት ቀን ማሸጋሸግ የሚችል ሰው ልዩነቱን ወዲያው ያየዋል። ከጀርባው ያለው ጉግል እ.ኤ.አ. በ2011 የገዛው አይቲኤ ሶፍትዌር የተባለ ኩባንያ ቴክኖሎጂ ነው። ስካይስካነር ደግሞ መድረሻውን ገና ላልወሰነ ሰው ይሻላል፤ መነሻ ከተማ ብቻ አስገብታችሁ «የትም ቦታ» ካላችሁት አገሮቹን በዋጋ ደርድሮ ያመጣል። ትንንሽ ወኪሎችንም ስለሚያካትት ዝቅ ያለ ዋጋ እዚያ ላይ ማግኘት የተለመደ ነው። ጉዳቱም ከዚያው ይመጣል፤ ያ ዋጋ ስሙን ሰምታችሁት ወደማታውቁት ሻጭ ሊመራችሁ ይችላል። ካያክ ከሁለቱ ብዙም አይርቅም፤ የማጣሪያዎቹን ዝርዝርነት እወድለታለሁ።

እነዚህ በአብዛኛው አሻጋሪዎች እንጂ ሻጮች አይደሉም። ያያችሁት ዋጋ ሻጩ ዘንድ ስትደርሱ ከፍ ሊል ይችላል፤ የሻንጣው ክፍያም ብዙ ጊዜ ግልጽ የሚሆነው እዚያ ነው። ስለዚህ ንጽጽሩን የምትጨርሱት በመክፈያው ገጽ ላይ ሻንጣና መቀመጫ ከተደመሩ በኋላ ይሁን።

አሁን ዋናው ጥያቄ፣ ከማን እንግዛ? ልዩነቱ ጥቂት ከሆነ ያለማመንታት ከአየር መንገዱ። በወኪል የተቆረጠ ትኬት ቀን መቀየር ወይም መሰረዝ ሲመጣ አየር መንገዱ «የሸጠላችሁን ጠይቁ» ይላል፤ ወኪሉ ደግሞ የአየር መንገዱን ፈቃድ እጠብቃለሁ ይላል፤ መንገደኛው መሃል ቤት ይንገላታል። የወኪሉ የአገልግሎት ክፍያም ትኬቱ ሲሰረዝ ብዙ ጊዜ አይመለስም። በቀጥታ የገዛ ሰው የሚያነጋግረው አንድ አካል ብቻ ነው። ወደ አሜሪካ ወይም ከአሜሪካ ለሚደረግ በረራ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለ፤ ከመነሻው ቢያንስ 7 ቀን ቀደም ብሎ በቀጥታ ከአየር መንገዱ የተያዘን ትኬት በ24 ሰዓት ውስጥ ያለ ቅጣት መሰረዝ ይቻላል። አየር መንገዱ ከዚህ ይልቅ ዋጋውን ሳያስከፍል ለ24 ሰዓት ማቆየትን ሊመርጥ ስለሚችል የትኛውን እንደሚከተል ከመክፈላችሁ በፊት እዩ።

እንደ ኤክስፒዲያና ትሪፕ ዶት ኮም ያሉ ትልልቅ ወኪሎችን የምመርጥባቸው ሁለት ሁኔታዎች አሉ። አንደኛው የአየር መንገዱ ገጽ ካርዳችሁን አልቀበል ሲል ነው፤ ትልልቅ ወኪሎች የሚቀበሉት የመክፈያ ዓይነት ሰፋ ይላል። ሁለተኛው መሄጃው በአንድ አየር መንገድ፣ መመለሻው በሌላ ሲሆን ነው።

ኪዊ የተባለውን የትኬት መሸጫ ድረ ገጽ ለብቻው ማንሳት ያስፈልጋል፤ አሠራሩ ይለያልና። እርስ በርስ ስምምነት የሌላቸውን አየር መንገዶች ትኬቶች አገጣጥሞ አንድ ጉዞ ያስመስላቸዋል። ዋጋው ሊያጓጓ ይችላል። ነገር ግን የመጀመሪያው በረራ ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጣችሁ ሁለተኛው አየር መንገድ ዕዳ የለበትም፤ የምትተማመኑት በኪዊ የራሱ ዋስትና ነው። መሃል ላይም ሻንጣችሁን ተቀብላችሁ እንደገና ማስረከብ ይኖርባችኋል፤ ለዚህም የዚያ አገር ቪዛ ሊጠየቅ ይችላል። በእጅ ሻንጣ ብቻ ለሚጓዝ፣ ፓስፖርቱም በሩን ለሚከፍትለት ሰው እሺ። ቤተሰብ ይዞ ለሚጓዝ ግን አልመክርም።

ወደ ክፍያው እንምጣ። ብዙ ገንዘብ ሰው ሳያውቀው የሚፈሰው እዚህ ጋ ስለሆነ ረጋ ብዬ ላስረዳ። በውጭ አገር ካርድ ስትከፍሉ፣ ድረ ገጽ ላይም ሆነ ፖስ ማሽን ላይ፣ አንድ ጥያቄ ሊመጣ ይችላል፦ «በአገሩ ገንዘብ ልቁረጥ ወይስ በካርድዎ ገንዘብ?» ሁለተኛው አማራጭ የምታውቁትን ገንዘብ ስለሚያሳይ ደግ ይመስላል። ምንዛሪውን ግን የሚሠራው የነጋዴው ወገን ነው፤ ተመኑ ላይም ትርፉን ይጨምርበታል። በአገሩ ገንዘብ ካላችሁ ምንዛሪው በቪዛ ወይም በማስተርካርድ ተመን ይሠራል፤ ያንን ተመን ሁለቱም በድረ ገጻቸው ላይ ማስሊያ አስቀምጠውለታል።

በቁጥር እንየው። ካርዳችሁ የዶላር ነው፣ ሂሳቡ 100 ዩሮ ነው እንበል። የካርዱ ኔትወርክ (የቪዛ ወይም የማስተርካርድ) ተመን 1.10 ቢሆን 110 ዶላር ይወጣል። ባንካችሁ በውጭ አገር ግዢ ላይ 3 በመቶ ቢጨምር 113 ዶላር ከ30 ሳንቲም ይሆናል። ማሽኑ ግን በዶላር ልቁረጥ ብሎ በ1.16 ቢያሰላው 116 ዶላር ይሆናል። አንዳንድ ባንኮች ደግሞ ነጋዴው ውጭ አገር እስከሆነ ድረስ ሂሳቡ በዶላር ቢቆረጥም ያንኑ 3 በመቶ ይወስዳሉ፤ ያኔ ወደ 119 ዶላር ከ50 ሳንቲም ይጠጋል። ኤቲኤም ላይም ነገሩ ያው ነው። ማሽኑ ተመን አቅርቦ «ተቀበል» ወይም «አትቀበል» ሲል «አትቀበል» ማለት ገንዘብ ማውጣቱን አይሰርዘውም፤ ምንዛሪውን ለካርዱ ኔትወርክ ይተዋል እንጂ። ሰው እዚህ ጋ ፈርቶ «ተቀበል» ይጫናል፤ አትፍሩ። የአውሮፓ ኅብረት ይህ ጭማሪ ከአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ተመን በስንት በመቶ እንደሚበልጥ ለደንበኛው እንዲነገር በሕግ አስገድዷል። ስለዚህ እዚያ ማሽኑ ላይ የሚጻፈውን መቶኛ አንብቡት።

የትኛው ካርድ? ለትኬት ክሬዲት ካርድ፣ ለኤቲኤም ዴቢት ካርድ። በዴቢት የሚቆረጠው የራሳችሁ ገንዘብ ነው፤ ክርክር ቢነሳ ገንዘቡ እጃችሁ ላይ ሳይኖር ትከራከራላችሁ። በክሬዲት ግን የባንኩ ገንዘብ ነው በመሃል የሚቆመው። አገልግሎቱ ካልተሰጠ ግዢውን በባንካችሁ በኩል የመቃወም መንገድ በቪዛም በማስተርካርድም ደንብ አለ፤ ዴቢትም ይሁን ክሬዲት። የእንግሊዝ ክሬዲት ካርድ ያላችሁ ደግሞ የ1974ቱ የሸማቾች ብድር ሕግ አንቀጽ 75 ይጠብቃችኋል፤ ከ100 ፓውንድ በላይ እስከ 30 ሺህ ፓውንድ ለሚያወጣ ግዢ ካርድ ሰጪውም ከሻጩ ጋር እኩል ተጠያቂ ነው። ይህ ጥበቃ በወኪል ስትገዙ ሊላላ ይችላል፤ ከአየር መንገዱ ግዙ የምለው ለዚህም ጭምር ነው።

ክሬዲት ካርድ ለሌለው ዋይዝና ሬቮሉት የተባሉት የገንዘብ መተግበሪያዎች ካርድ ጥሩ ምትክ ነው፤ ካርዱ በሚሰጥበት አገር ለሚኖር ማለቴ ነው። ዋይዝን የምወድለት የገበያውን መካከለኛ ተመን (በመግዣና በመሸጫ ዋጋ መሃል ያለውን) ተጠቅሞ ክፍያውን ለብቻው ቁልጭ አድርጎ ስለሚያሳይ ነው። ሬቮሉት ለዕለት ወጪ ምቹ ነው፤ በመደበኛው ዕቅድ ግን ቅዳሜና እሁድ ምንዛሪ ላይ ስለሚጨምር ገንዘቡን በሥራ ቀን ቀይሮ ማስቀመጥ ይሻላል። ሁለቱም በመተግበሪያው ውስጥ ዲጂታል ካርድ ይሰጣሉ፤ ላላመናችሁት ሻጭ ዋናውን የካርድ ቁጥር ከመስጠት ያድናል። ቅድመ ክፍያ ካርድ (አስቀድሞ ገንዘብ የሚሞላበት) ግን ለመኪና ኪራይና ለሆቴል መያዣ አይታመንም፤ ብዙ አከራዮች አይቀበሉትም።

ካርዱ እምቢ ሲል መጀመሪያ ማየት ያለባችሁ የማረጋገጫ ኮዱን ነው። ባንኩ ኮዱን የሚልከው ወደ ተመዘገበው ስልክ ቁጥር ነው፤ ያ ሲም ደግሞ ከስልኩ ወጥቶ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። ከጉዞ በፊት ማጽደቂያውን ከአጭር መልእክት ወደ ባንኩ መተግበሪያ አዛውሩት፤ በዋይፋይም ይሠራል። አፕል ፔይና ጉግል ፔይን የሚቀበል ሻጭ ካገኛችሁ በጣት አሻራ ወይም በፊት ስለሚያረጋግጡ ብዙ ጊዜ ኮድ አይጠየቅም። ሁለተኛው ምክንያት አድራሻ ነው፤ በተለይ የአሜሪካ፣ የካናዳና የእንግሊዝ ሻጮች ያስገባችሁትን አድራሻ ባንኩ ዘንድ ካለው ጋር ያስተያያሉ። የምታስገቡት ያረፋችሁበትን ሆቴል ሳይሆን ባንኩ የሚያውቀውን ነው፤ ፊደሉና የፖስታ ቁጥሩ ሳይቀር።

አንዴ እምቢ ካለ ደጋግማችሁ አትሞክሩ። እያንዳንዱ ሙከራ ሂሳባችሁ ላይ ገንዘቡን ለቀናት የሚያግድ መያዣ ሊተው ይችላል፤ የባንኩም የማጭበርበር መከላከያ ካርዱን ጭራሽ ሊዘጋው ይችላል። መጀመሪያ የባንክ መተግበሪያውንና ኢሜይላችሁን እዩ፤ ገጹ «አልተሳካም» ብሎ ትኬቱ ተቆርጦ ሊሆን ይችላልና።

ክፍያው ካለፈ በኋላ ደግሞ ይህን አጣሩ። ኢሜይሉ ላይ ስድስት ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት መለያ ታገኛላችሁ፤ እሱ የቦታ መያዣ ብቻ ነው። ትኬት መቆረጡን የሚያረጋግጠው ባለ 13 አሃዝ ቁጥር ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አሃዞች አየር መንገዱን ይነግሯችኋል፦ 176 ኤምሬትስ፣ 220 ሉፍታንሳ፣ 235 የቱርክ አየር መንገድ። ከወኪል ገዝታችሁ ይህ ቁጥር በማግስቱ ካልመጣ ጠይቁ፤ በዚያው በስድስቱ መለያም አየር መንገዱ ገጽ ገብታችሁ ስማችሁ በፓስፖርታችሁ እንዳለው መጻፉን እዩ። አንዳንድ አየር መንገዶች የተከፈለበትን ካርድ ኤርፖርት ላይ እንድታሳዩ ስለሚጠይቁ የሌላ ሰው ካርድ ከተጠቀማችሁ የአየር መንገዱን ደንብ አስቀድማችሁ አንብቡ።

መንገድ ላይ ከአንድ በላይ ካርድ ያዙ፤ አንዱ ቪዛ ሌላው ማስተርካርድ ቢሆን ደስ ይለኛል፤ በአንድ ቦርሳም አታስቀምጧቸው። ሆቴልና መኪና አከራይ መያዣ ሲወስዱ ክሬዲት ካርዱን ስጡ፤ በዴቢት ከሆነ ገንዘባችሁ ከወጣችሁ በኋላም ለቀናት ታስሮ ይቆያል።

በረራው ተሰርዞ ገንዘብ ሲመለስ፣ የአውሮፓ ኅብረት ደንብ 261/2004 በሚሸፍናቸው በረራዎች አየር መንገዱ በ7 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት፤ በአሜሪካ ሕግ በክሬዲት ካርድ ለተከፈለ 7 የሥራ ቀን ነው። በገንዘቡ ፈንታ ቫውቸር (ለሌላ ጉዞ የሚያገለግል የክፍያ ሰነድ) ሲያቀርቡላችሁ የመቀበል ግዴታ የለባችሁም። ገንዘቡ የሚመለሰው በተከፈለበት ካርድ በዕለቱ ምንዛሪ ስለሆነ መጠኑ ከከፈላችሁት ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል። ካርዱ በመሃል ተቀይሮ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ባንኩ ወደ አዲሱ ያዞረዋል፤ ሂሳቡን ጭራሽ ዘግታችሁት ከሆነ ግን ገንዘቡ ወደ ሻጩ ተመልሶ ክርክሩ እንደ አዲስ ይጀመራል። ተመላሽ እየጠበቃችሁ ከሆነ ሂሳቡን እስኪገባ ድረስ አትዝጉት።