አውቶማቲክ ካምቢዮ የአሽከርካሪውን አነዳድ ይለምዳል?

ጥያቄ
ጤና ይስጥልኝ። መኪናችንን አዘውትራ የምትነዳው ባለቤቴ ናት፤ ነዳጅ መስጫውን ቀስ ብላ የምትረግጥ ጥንቁቅ አሽከርካሪ ናት። እኔ አልፎ አልፎ መኪናዋን ስይዝ ካምቢዮው ማርሽ ለመቀነስ የሚያመነታ ይመስለኛል። አንድ ወዳጄ «የእርሷን አነዳድ ለምዶ ነው፤ ባትሪውን ነቅለህ መልሰህ ብትሰካው ይረሳዋል» አለኝ። ምክሩ ትክክል ነው?

ምላሽ 1
ካምቢዮው ይማራል፤ ነገር ግን ወዳጅዎ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ያደባለቁ ይመስለኛል። አንደኛው አነዳድን ማንበብ ነው። የካምቢዮው ኮምፒውተር ነዳጅ መስጫው ምን ያህልና በምን ፍጥነት እንደተረገጠ፣ ፍሬን እንዴት እንደተያዘ፣ በአንዳንድ መኪኖችም በኩርባ ላይ ወደ ጎን የሚገፋውን ኃይል ጭምር እየተከታተለ ማርሽ የሚቀየርበትን የሞተር ዙር ከፍ ወይም ዝቅ ያደርጋል። ይህ ንባብ በብዙ መኪኖች የቅርብ ጊዜ ትዝታ ብቻ ስለሆነ፣ እርስዎ ጥቂት እንደነዱ የባለቤትዎ አነዳድ በእርስዎ ይተካል።

ለረጅም ጊዜ የሚቀመጠው፣ ለእኔም ከሁሉ የሚደንቀኝ፣ ካምቢዮው ስለ ራሱ የሚማረው ነው። በውስጡ ያሉት ፍሪሲዮኖች (ማርሾቹን የሚያገናኙና የሚያላቅቁ ሸራ የለበሱ ዲስኮች) በዘይት ግፊት እየተጨመቁ ይይዛሉ፤ ሸራቸው እየሳሳ ሲሄድ ግን ክፍተታቸው ስለሚሰፋ ለመያዝ የሚፈልጉት ዘይትም ጊዜም ይጨምራል። ኮምፒውተሩ ወደ ካምቢዮው የሚገባውንና ከእርሱ የሚወጣውን ዙር እያነጻጸረ ለውጡ የፈጀውን ጊዜ በሚሊሰከንድ ይለካል፤ ከታሰበው ከዘገየ በሚቀጥለው ለውጥ የዘይቱን አሞላልና ግፊት በጥቂቱ ያስተካክላል። ይህ ከባለቤትዎ እግር ጋር ምንም ግንኙነት የለውም።

ምላሽ 2
ባትሪ መንቀልን አልመክርም። በብዙ መኪኖች ይህ ትምህርት ኃይል ሲቋረጥም የማይጠፋ ማስታወሻ ላይ ስለሚቀመጥ መንቀሉ ምንም አይለውጥም። በሚጠፋባቸው መኪኖች ደግሞ የሚጠፋው ለሳሳው ሸራ የተደረገው ማስተካከያ ነው፤ እኔ ባትሪ በቀየርኩ ጊዜ መኪናዬ እንደገና እስክትማር ድረስ ለቀናት ማርሽ በቀየረች ቁጥር ትመታ ነበር። ትምህርቱን በመመርመሪያ መሣሪያ ማጥፋት ተገቢ የሚሆነው በተለይ ፍሪሲዮኖቹ ወይም ካምቢዮው ራሱ ከተቀየሩ በኋላ ነው።

ጠያቂው
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ታዲያ ማመንታቱ ከልማዱ ይሁን ከብልሽት በምን እለየዋለሁ?

ምላሽ 1
ሞተሩና ዘይቱ በሚገባ ከሞቁ በኋላ፣ ነጻ በሆነ መንገድ ላይ ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ይርገጡት። ያን ጊዜ ኮምፒውተሩ ያነበበውን አነዳድ ትቶ ወዲያውኑ ማርሽ መቀነስ አለበት። ከዘገየ ወይም ዙሩ ከፍ እያለ መኪናዋ ካልተሳበች፣ አስቀድመው የካምቢዮውን ዘይት መጠንና ሁኔታ አምራቹ ባዘዘው የሙቀት ደረጃ ያስለኩ።