የአፋር በረሃ ዐውደ ርዕይ፦ ረቂቁን አብረን እናስተካክል

ጸሐፊ፦ ሰላም አባላት። በእጃችን ያለው ረቂቅ ይኸው፦ «ከዳሎል ቀለማት የተነሡ ሥዕሎችና ቅርጻ ቅርጾች በአዲስ አበባ ይቀርባሉ።» ሐሳባችሁን እዚሁ ጻፉ፤ እያስገባሁ እሄዳለሁ።

ሠዓሊ፦ ዳሎል ይግባ። ግን ቢጫና አረንጓዴውን ቀድቶ መምጣት አይበቃም፤ ያንን ፎቶ ሁሉም አይቶታል። እኔን የሚስበኝ ቀለሙ ዕድሜ ያለው መሆኑ ነው። ከመሬት በታች የሚፈልቀው ትኩስ ጨዋማ ውሃ ብረት ይዞ ይወጣል። አየር ሲያገኘው ብረቱ እየዛገ ይሄዳል። አዲሱ ኩሬ አረንጓዴ ነው፤ ሲያረጅ ወደ ቡናማ ይለወጣል። አንድ ኩሬ ሲያረጅ የሚያሳይ ተከታታይ ሥዕል መሥራት እፈልጋለሁ። ከቦታው ግን ምንም አናንሣ። ውሃው ኃይለኛ አሲድ ነው፤ ቅርፊቱም ሲረገጥ ይፈረካከሳል።

ቀራጺ፦ የእኔ ጨው ነው። ከአሳሌ የጨው ሜዳ የሚቆረጠው ጨው በግመል ተጭኖ ደጋ ሲወጣ ኖሯል፤ አሞሌው ገንዘብም ሆኖ አገልግሏል። ከቆራጮቹ በገበያ ዋጋ እንግዛና እሱኑ ልቅረጸው። አንድ ነገር ብቻ፦ ጨው እርጥበት ይስባል፣ ብረትም ይበላል። ማስቀመጫው እንጨት ይሁን። ክረምት ላይ ካሳየነው ሥራው ቀልጦ ያልቃል፣ ስለዚህ በበጋ ይሁን።

ሸማኔ አባል፦ እኔ የአፋር ልጅ ነኝ፤ ረቂቁ ቅር ብሎኛል። ሰው የለበትም። በረሃውን ባዶ አድርገን ካሳየነው የሚያየው ሰው ማንም አይኖርበትም ብሎ ይሄዳል። የአርብቶ አደሩን ቤት፣ አሪን አስቡት። ከጎበጡ እንጨቶች ይዋቀራል፣ በሰሌን ምንጣፍ ይሸፈናል። መሄድ ሲመጣ ተፈቶ ግመል ላይ ይጫናል። ሰሌኑን የሚሠሩት ሴቶች ናቸው፤ ቤቱንም የሚተክሉት እነሱ ናቸው። ከዚህ የተሻለ የበረሃ ጥበብ ከየት ይመጣል? ስለዚህ የዐውደ ርዕዩ እምብርት አሪ ይሁን እላለሁ። ሠሪዎቹ ራሳቸው መጥተው ይትከሉት። ንድፉን እነሱ ይምረጡ። ስማቸው ከሠዓሊዎቹ ስም እኩል ይጻፍ፣ ክፍያቸውም እኩል ይሁን። «ባህላዊ ዕቃ» የሚል ወረቀት ለጥፈን ስም አልባ እንዳናደርጋቸው አደራ።

ሠዓሊ፦ በጣም እስማማለሁ፣ እህቴ። የእኔ ሥዕሎች ዙሪያውን ይሰቀሉ፤ መሀሉ ለአሪው ይለቀቅ።

ድምፅ ቀራጺ፦ ዳጉ እንዴት ተረሳ? ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ተቀምጠው ወሬ ይለዋወጣሉ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ግጦሹ፣ ስለ ሰላሙ። የሰማ ሰው ሳያዛባ ማስተላለፍ ይጠበቅበታል። አሪው ውስጥ ሰዎች ፈቅደው የቀረጹልንን የዳጉ ንግግር በአፋርኛ እናሰማ፤ የአማርኛው ትርጉም በጽሑፍ ይቀመጥ።

ሸማኔ አባል፦ ጥሩ ነው። ግን በዳጉ የሚነገረው ሁሉ ለሕዝብ ጆሮ አይደለም። ከመቅረጻችን በፊት የአካባቢውን ሽማግሌዎች እናነጋግር። የቱ እንደሚወጣ ተናጋሪዎቹ ይወስኑ።

ገንዘብ ያዥ፦ የሴቶቹ ክፍያና የትራንስፖርት ወጪ በጀቱ ላይ መጀመሪያ ይቀመጥ። ገንዘብ ካጠረ ከማስታወቂያው እንቀንስ እንጂ እነሱን አንንካ።

ፎቶ አንሺ፦ ጉዞው ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ይሁን። ከዚያ ወዲያ ሙቀቱ ለሥራ አይመችም። ሳንጠይቅ ማንንም ፎቶ አናንሣ።

ጸሐፊ፦ ሁሉንም አስገብቼዋለሁ። የተስተካከለው ረቂቅ፦ «ከአፋር ሴቶች ጋር በጋራ በሚተከል አሪ ዙሪያ የዳሎልን ቀለማት ለውጥ የሚያሳዩ ሥዕሎች፣ የጨው ቅርጻ ቅርጾችና በተናጋሪዎቹ ፈቃድ የተቀረጸ ዳጉ በየካቲት ወር ይቀርባሉ። ሁሉም ሠሪዎች በስማቸውና በእኩል ክፍያ ይሳተፋሉ።» ያልተቋጨው የሽያጩ ጉዳይ ነው። ሲያበቃ አሪው ይሸጣል ወይስ ከሴቶቹ ጋር ይመለሳል?

ሸማኔ አባል፦ እሱን እኛ አንወስንም። ሰመራ ስሄድ እነሱን ጠይቄ መልሱን እዚሁ እጽፋለሁ።