ለእርሻ ሥራና ለተራራ መንገድ የሚሆን ኤቲቪ፦ ለጠየቁን ወንድማችን የቀረበ ጥቆማ

በቨርጂንያ፣ ሸናንዶዋ ሸለቆ አጠገብ 14 ኤከር መሬት ገዝተው በግና ፍየል ማርባት የጀመሩት ወንድማችን፣ በሥራ ቀን መኖና ውኃ የሚያመላልሱበት፣ አጥር የሚጠግኑበት፣ ዕረፍት ሲያገኙ ደግሞ በተራራ መንገድ የሚነዱት፣ ዋጋው የማይጎዳና የማያስቸግር ኤቲቪ (እንደ ሞተር ሳይክል የሚነዳ ባለ አራት ጎማ ተሽከርካሪ) የትኛው እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔም በዚያው አካባቢ በግ ማርባት ከጀመርሁ ሰባት ዓመት ስለሆነኝና በእነዚህ ዓመታት ሦስት ኤቲቪዎች ስለያዝሁ፣ የማውቀውን ላስረዳዎት። ምርጫዬን አስቀድሜ ልናገር፦ በደንብ የተያዘ ያገለገለ ሆንዳ ራንቸር 420፣ ፎር ዊል የሆነውን፣ ይግዙ፤ የአረም መድኃኒት መርጫ ታንከር የሚጭኑ ከሆነ ግን ያማሃ ኮዲያክ 450 ይሻልዎታል።

ራንቸርን የማስቀድመው በጉልበቱ አይደለም፤ በጉልበት የሚበልጡት ብዙ ናቸው። የማስቀድመው የሞተሩ ኃይል ወደ ጎማው የሚደርስበት መንገድ ቀላልና ጠንካራ ስለሆነ ነው። አብዛኞቹ ኤቲቪዎች ኃይል የሚያስተላልፉት በቺንጋ ሲሆን፣ ቺንጋው ከባድ ጭነት ሲበዛበት እየተንሸራተተ ይግላል፣ ውኃ ከገባበትም መያዝ ያቆማል። ራንቸር ግን ቺንጋ የለውም፤ እንደ መኪና በማርሽ ይሠራል። ሞተሩም የተቀመጠው ከፊት ወደ ኋላ በቁመት ስለሆነ ኃይሉ አቅጣጫ መቀየር ሳያስፈልገው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ጎማዎች ይሄዳል። ዳገቱን ጨርሰው ቁልቁል ሲወርዱም ማርሹ ራሱ ይይዝልዎታል፤ በርጥብ ሣር ላይ ተሳቢ አስከትሎ የወረደ ሰው ይህ ምን ያህል እፎይታ እንደሆነ ያውቀዋል። የቫልቭ ክፍተቱን እኔ ራሴ በመጋዘኔ ውስጥ አስተካክላለሁ፤ ለዚህ ብቻ ብዬ ጋራዥ ሄጄ አላውቅም።

ጉድለቱንም መደበቅ አይገባም። ለከባድ ጉተታ የሚሆን የተለየ ዝቅተኛ ማርሽ የለውም፤ የመሸከም አቅሙም ውስን ነው። ፋብሪካው የፈቀደው ከፊት 66 ፓውንድ፣ ከኋላ 133 ፓውንድ፣ በጉተታ ደግሞ 848 ፓውንድ ነው። አሁን ሒሳቡን እንሥራው። አንድ ጋሎን ውኃ ከ8 ፓውንድ በላይ ስለሚመዝን፣ 15 ጋሎን የሚይዝ መርጫ ሲሞላ ውኃው ብቻ 125 ፓውንድ ይሆናል፤ የታንከሩና የፓምፑ ክብደት ሲጨመር የራንቸርን የኋላ አቅም ያልፋል። ኮዲያክ 450 ከኋላ 176 ፓውንድ ስለሚሸከምና 1,322 ፓውንድ ስለሚጎትት እዚህ ላይ በግልጽ ይበልጣል። እርግጥ ኮዲያክ የሚሠራው በቺንጋ ነው፤ ነገር ግን ያማሃ ቺንጋው ሁልጊዜ እንደተወጠረ እንዲቆይ አድርጎ ስለሠራው ቁልቁለት ላይም ሞተሩ ያግዛል። ጭነት ሲጎትቱ ዝቅተኛውን ማርሽ ማስገባት ብቻ አይርሱ፤ የቺንጋ መቃጠል በአብዛኛው የሚመጣው ይህን ከመርሳት ነው። የተሳቢው የራሱ ክብደትም በጉተታው አቅም ውስጥ እንደሚቆጠር ያስታውሱ፤ በዚህ ምክንያት ትልቁን ክብ የድርቆሽ ጥቅል በኤቲቪ ለመጎተት አያስቡ፤ እሱ የትራክተር ሥራ ነው።

አዲስ መግዛት ለሚፈልግና በጀቱ ለጠበበ ሰው የቻይናው ሲኤፍሞቶ ሲፎርስ 400 ሊታይ ይገባዋል፤ ሌሎቹ ለብቻው የሚያስከፍሉበትን ዊንች (በገመድ የሚጎትት መሣሪያ) አብሮ ይዞ ይመጣል። እሱን ከመግዛትዎ በፊት ግን ዕቃ የሚያቀርብና የሚጠግን ወኪል ከቤትዎ ምን ያህል እንደሚርቅ ይጠይቁ፤ ሁለት ሰዓት የሚያስነዳ ከሆነ የዋጋው ቅናሽ ትርጉም ያጣል። ፖላሪስ ስፖርትስማን 570 ባለ 44 የፈረስ ጉልበት ነው፤ የኋላ ጎማዎቹም ለየብቻ ስለሚንቀሳቀሱ በድንጋያማ መንገድ ላይ ወገብ አይጎዳም። ሥራዎ ትንሽ፣ ሽርሽርዎ ብዙ ቢሆን ኖሮ እሱን እመክርዎ ነበር።

ስለ ተራራው መንገድ ካነሣን፣ በብሔራዊ ደኖች ውስጥ ያሉ ብዙ የኤቲቪ መንገዶች ስፋቱ ከ50 ኢንች የሚበልጥ ተሽከርካሪ አያስገቡም። ከላይ የጠቀስኋቸው ሁሉ ከዚህ በታች ስለሆኑ ያልፋሉ፤ ሰዎችን ጎን ለጎን የሚያስቀምጡት ትልልቆቹ ተሽከርካሪዎች ግን በአብዛኛው አያልፉም። ረዘም ያለ ጉዞ ሲያምርዎት በዌስት ቨርጂንያ የሚገኘው የሃትፊልድ ማኮይ መንገድ ከ1,000 ማይል በላይ አለው፤ መግቢያ ፈቃድ ገዝቶ፣ ሄልሜት አድርጎ መንዳት ግዴታ ነው። አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምንዎታለሁ፦ እነዚህ ሞተሮች የተሠሩት ለአንድ ሰው ነውና ልጅዎን ከኋላ አያፈናጡ። ነጂው በዳገትና በመታጠፊያ ላይ ክብደቱን እያዛወረ ሚዛን መጠበቅ አለበት፤ ከኋላው ሰው ከተቀመጠ ይህን ማድረግ አይችልም፣ ሞተሩም ይገለበጣል። ከ90 ሲሲ በላይ የሆኑትም ዕድሜው 16 ላልሞላ ልጅ አይሰጡም።

ያገለገለ ሲገዙ ጊዜ ይውሰዱ። የመጀመሪያውን ኤቲቪዬን የገዛሁት ከአንድ ግለሰብ ነበር፤ ሳየው ታጥቦ፣ ጎማው ሳይቀር በቅባት ተወልውሎ ነበር፤ በሦስተኛው ሳምንት ዘይቱን ስቀይር እንደ ወተት ነጭ ሆኖ ወጣ። ውኃ ውስጥ ሰምጦ የወጣ ሞተር ነበር፤ ለጥገና ያወጣሁት ገንዘብ ከገዛሁበት ዋጋ ግማሽ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ የማደርገው የዘይት መለኪያውን መዝዤ ማየት ነው። ቀጥሎ የአየር ማጣሪያውን ሣጥን እከፍታለሁ፤ ውስጡ ጭቃ ወይም ደቃቅ አፈር ካለ ያ አፈር ሞተሩ ውስጥም ገብቷልና ጥዬ እሄዳለሁ። ፊቱን በክሪክ አንሥቼ ጎማዎቹን ወደ ጎን አወዛውዛለሁ፤ ከተንገጫገጩ ኩሽኔታው ወይም የመሪው መገጣጠሚያ አልቋል። የዘንጎቹ መሸፈኛ ጎማ መቀደድ አለመቀደዱን በእጄ እየዳሰስሁ አያለሁ። ሻጩንም ሳልመጣ ሞተሩን እንዳያስነሣ አስቀድሜ በስልክ እጠይቀዋለሁ፤ ቀዝቅዞ ሲነሣ ብቻ ነው ጠባዩ የሚታወቀው። በመጨረሻም ፎር ዊሉን አስገብቼ ሣር ላይ ወዲያና ወዲህ እየጠመዘዝሁ እነዳለሁ፤ የሚሰበር ነገር የሚመስል ድምፅ ከፊት ከተሰማ ዋጋው ሊቀነስ ሳይሆን ግዢው ሊቀር ይገባል።

አዲስ ከወሰዱም በዋጋ መለጠፊያው ላይ የተጻፈው የማጓጓዣን፣ የመገጣጠሚያንና የሰነድ ክፍያን ስለማይጨምር፣ ሁሉም ተደምሮ ስንት እንደሚሆን በጽሑፍ እንዲሰጡዎት ይጠይቁ። በቨርጂንያ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከጁላይ 2006 መጀመሪያ ወዲህ በአዲስነቱ የተገዛ ከ50 ሲሲ በላይ የሆነ ኤቲቪ የባለቤትነት ሰነድ ሊኖረው ይገባል። ስለዚህ ካገለገለ ሞተር ጋር ሰነዱን ይጠይቁ፤ በሰነዱ ላይ ያለውን ቁጥር ሻሲው ላይ ከተቀረጸው ጋር ፊደል በፊደል ያመሳክሩ፤ ካልተገናኘ ገንዘብዎን ከኪስዎ አያውጡ።